ሸቬልና ኤስ ክላስ፣ ኮፋኖው ሲከፈት

እዚህ አሜሪካ ሰው ለድሮ መኪና ያለው ክብር ሁሌም ይገርመኛል። በፈረንጆቹ 1970 የተሰራ ሸቭሮሌ ሸቬል ኤስኤስ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰው ቆሞ ያየዋል፣ ከጎኑ ያለውን አዲስ መርሰዲስ ኤስ ክላስ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

በመኪናነት ካወዳደርናቸው አዲሱ ይበልጣል፣ ክርክርም የለውም። ሸቬሉ ትልቁ ሞተሩ 7.4 ሊትር ሆኖ 450 ፈረስ ጉልበት ይባልለት ነበር፣ ያውም በዛን ዘመን ሞተሩን ለብቻው ማርሚታው ምኑ ሳይገጠም ስለሚለኩት መንገድ ላይ ከዛ ያንሳል። የ2021ዱ ኤስ 580 በ4 ሊትር ሞተር 496 ያወጣል። ሸቬሉ ኤርባግ የለው፣ ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ የለው፣ ልጆች ጭኜ ሩቅ መንገድ ልሂድ ብል ሳላመነታ መርሰዲሱን ነው የምይዘው።

ግን ኮፋኖውን ክፈቱት። ሸቬሉ ላይ ካርቡሬተሩም ካንዴላውም ቺንጋውም ፊት ለፊት ይታያል፣ አባትና ልጅ ቅዳሜን ሙሉ ሲፈቱት ሲገጥሙት ይውላሉ። መርሰዲሱ ላይ የሚታየው የፕላስቲክ ክዳን ነው፣ ኮምፒውተር ካልተሰካበት ችግሩ አይታወቅም፣ ባለቤቱ ያን ሁሉ ብር ከፍሎ ለጥገና ደጅ ይጠናል። የማሳቹሴትስ ግዛት ህዝብ በፈረንጆቹ 2012 ድምፅ ሰጥቶ የጥገና መረጃው ለማንኛውም ጋራዥ ይሰጥ ያለው እኮ ለዚህ ነው።

አገር ቤት ዲኤክሱን፣ ፎልሱን፣ ላዳውን ይሄን ሁሉ ዓመት መንገድ ላይ ያቆዩት መካኒኮቻችን ናቸው፣ መለዋወጫ ሲጠፋ ሶማሌ ተራ ወርደው፣ እዛም ካጡ ቶርኖ ቤት አስቀርፀው። እዚህ እንዲህ አይነት እጅ ያለው ሰው ተፈልጎ፣ ወረፋ ተይዞለት ነው የሚሰራው። እኛ ጋር ግን አሮጌ መኪና የድህነት ምልክት ተደርጎ ነው የሚታየው፣ ጠጋኙም ዘይት የነካው ልብሱ እንጂ እውቀቱ አይታይለትም፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያረጀ መኪና ላይ ታክሱን አከበደ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ነዳጁ በዶላር ነው የሚገዛው፣ መብራቱ የራሳችን ውሃ ነው፣ ስለዚህ አልቃወምም። ግን የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ኤስ ክላሱ በሶፍትዌር የተቆለፈ ነው፣ አስመጪው መኪናውን ብቻ አምጥቶ መመርመሪያ ኮምፒውተሩንና ማኑዋሉን ካላመጣ ያ ሁሉ የሰለጠነ እጅ ምን ሊሰራ ነው? የታክስ እፎይታ ሲሰጣቸው ይሄም ግዴታ አብሮ ይጣልባቸው፣ የባትሪና የሃይቮልቴጅ ስልጠናውም የሰፈር ጋራዥ ድረስ ይውረድ፣ አሁን፣ መኪኖቹ ዋስትናቸውን ጨርሰው መቆም ሳይጀምሩ።