ድንኳኔን በደላንታ ደጅ የተከልሁ ዕለት

ኑሮዬን በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው ኦሮራ ከተማ ካደረግሁ አሥራ ሰባት ዓመት አልፏል። ተወልጄ ያደግሁት ግን ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ከተራራ አገር ወጥቼ ተራራ አገር በመግባቴ ራሴን እንደ ዕድለኛ እቆጥራለሁ፤ የአሜሪካኖቹ የተራራ ጉዞ ከሌሎች ልማዶቻቸው ሁሉ ቀድሞ ልቤን የወሰደውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በየዓመቱ በረዶው ቀልጦ የተራራው መንገድ ሲከፈት፣ ጣራዋ ላይ ታጣፊ ድንኳን በተጫነባት አሮጌ ቶዮታ ታኮማ ወደ ምዕራብ እወጣለሁ። የምጽፈው ስለዚህ ጉዞና በጥር 2012 ዓ.ም. ይህንኑ ልማድ ይዤ ወሎ ስገባ ስላየሁት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከአስፋልት ወጥቶ በኮረኮንች እየነዱ፣ ሆቴል ሳይገቡ መኪና ውስጥ ወይም ድንኳን ውስጥ እያደሩ ቀናትን፣ አንዳንዴም ወራትን ማሳለፍ የብዙ ሰው ፍላጎት ሆኗል። አንዳንዱ እንደ እኔ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ፒክአፕ ይይዛል። ሌላው እንደ ስፕሪንተር ወይም እንደ ትራንዚት ያለ ረጅም የዕቃ መኪና ገዝቶ ውስጡን አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውሃ ጋን ያስገጥምለታል፤ ጣራው ላይ የሶላር ሰሌዳ ይዘረጋል፣ ከአልጋው ሥር የሊቲየም ባትሪ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ በደረሰበት ማደር ይችላል። አስፋልቱ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ጎማ ማስተንፈስ ነው። የአየሩ ግፊት ከ35 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ወደ 20 ገደማ ሲወርድ ጎማው ተለጥጦ መሬቱን በሰፊው ይይዛል፣ የድንጋዩንም ምት ያበርዳል፤ ሲመለሱ ግን በኮምፕሬሰር መልሰው ካልሞሉት በአስፋልት ፍጥነት ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ሥራ ተንበርክኬ ስሠራ፣ ደሴ ውስጥ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ ካሜራዳሪያ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ቀዳዳውን ሲፈልጉ የማይበት ልጅነቴ ሁልጊዜ ይመጣብኛል።

ከምወዳቸው መንገዶች አንዱ ሌክ ሲቲን፣ ሲልቨርተንንና ዩሬይን የሚያገናኘው አልፓይን ሉፕ ነው። ርዝመቱ ወደ 65 ማይል ይጠጋል። መንገዱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቀደዱት ብርና ወርቅ ፈላጊዎች ናቸው፤ ኢንጂነር ፓስ በሚባለው በር ላይ ከፍታው 3,900 ሜትር ይደርሳል። እዚያ አናት ላይ ቆሞ ዙሪያውን ሲያዩ አንድ ጭስ፣ አንድ ጎጆ፣ አንድ የከብት መንጋ አይታይም። ይህ ዝምታ እውነተኛ ደስታ እንደሚሰጥ አልክድም፤ ሳምንቱን ሙሉ በሥራና በመኪና ጩኸት ለሚያሳልፍ ሰው መድኃኒት ነው።

የማደንቀው ደግሞ ይህ ደስታ በሕግ የተጠበቀ መሆኑን ነው። የፌዴራል መንግሥቱ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ብቻውን 245 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም ወደ 99 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን የሕዝብ መሬት ያስተዳድራል። የኢትዮጵያ ጠቅላላ ስፋት 110 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ስለሆነ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ይዞታ ከአገራችን ስፋት ዘጠኝ አሥረኛውን ያህላል ማለት ነው። በአብዛኛው በዚህ መሬት ላይ ማንም ሰው ያለ ክፍያ፣ ከ28 ቀን ውስጥ እስከ 14 ቀን ድረስ ድንኳኑን ተክሎ ማደር ይችላል። የሚጠበቅበት ዱካ ሳይተው መሄድ ነው፤ ቆሻሻውን ይዞ ይመለሳል፣ ለመጸዳጃ ከውሃ 60 ሜትር ርቆ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ ይደፍናል። በዩታ ግዛት በሞአብ ዙሪያ ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ሳይዙ ማደር አይፈቀድም። ተቆጣጣሪ በሌለበት በረሃ ብዙው ሰው ይህን ሥርዓት ሲያከብር ማየት ያስደስተኛል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚቻለው መሬቱ ባዶ ስለሆነ ነው፤ ባዶነቱም ከአፈጣጠሩ የመጣ አይደለም። ያ ሁሉ ተራራ ዩት የተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 በተፈረመው የብሩኖት ስምምነት አልፓይን ሉፕ የሚያልፍባቸውን የሳን ህዋን ተራሮች ለማዕድን ፈላጊዎች እንዲለቁ ተደረገ፤ በ1881 ደግሞ አብዛኞቹ ከኮሎራዶ ተነቅለው ወደ ዩታ ተወሰዱ። እኔ ቡና የምጠጣባት የዩሬይ ከተማ ስሟን ያገኘችው በዚያ ዘመን ከነበረው የዩት መሪ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ የተራራውን ዝምታ እንደ ቀድሞው አልሰማውም። ጎጆው ያልታየኝ ስለተነሣ ነው።

በጥር 2012 ዓ.ም. ጥምቀትን ከቤተሰቤ ጋር ካሳለፍሁ በኋላ፣ ደሴ ላይ አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ከነሹፌሩ ተከራይቼ፣ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣኋትን ትንሽ ድንኳን ፖርቶ መጋላው ላይ አስሬ ተነሣሁ። ሐሳቤ በኩታበር በኩል የበሽሎን ወንዝ ተሻግሬ ደላንታ ለመውጣት፣ ከወገል ጤና በጋሸና አድርጌ ላሊበላ ለመግባት፣ በመካከሉም በኮሎራዶ እንደለመድሁት ደስ ባለኝ ቦታ ለማደር ነበር።

የበሽሎን ሸለቆ ሲወርዱ ስለ መንገድ የሚታሰበው ሌላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት የጅጣንና የበሽሎን ወንዞች አቋርጠው ነው፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ገደል እየተናደ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት ይሠራ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ሳይቀር በመጨረሻው ጉዞው በዚያው መንገድ ተጠቅሟል። መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ አናት ላይ ነው። በዚህ አገር መንገድ ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ዛሬም ቢሆን ከዋናው መንገድ የራቀ ቀበሌ ነዋሪ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ፣ እየተቀባበለ ዳገቱን ይወጣል። እኔ ኮሎራዶ ውስጥ ኮረኮንች የምፈልገው አስፋልት ስለተረፈኝ መሆኑን የተረዳሁት እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። የወሎን አስቸጋሪ መንገድ «ለጉዞ የሚያምር» እያልን ፎቶ የምናነሣ የውጭ ነዋሪዎች ይህን ብናስብበት እወዳለሁ።

ደላንታ አምባ ላይ ወጥተን፣ የእናቴን ዘመዶች ለመጠየቅ ከዋናው መንገድ ወደ አንድ ቀበሌ ስንታጠፍ የኋላው ባሌስትራ ተሰበረ። ሹፌሩ ጎማዎቹን በድንጋይ ታኮ ደግፎ ክሪኩን እስኪያስገባ፣ ሰው የሌለበት በመሰለኝ ሜዳ ላይ ከየት መጡ ሳይባል ልጆችና ሽማግሌዎች ከበቡን። ኮሎራዶ ውስጥ ቢሆን እንዲህ ላለው ጊዜ የምይዘው ብዙ ነው፤ የተያዘ መኪና በገመድ የሚጎትት ዊንች አለኝ፣ ከአሸዋ ማውጫ ሰሌዳ አለኝ፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ የእርዳታ ጥሪ የሚያስተላልፍ የሳተላይት መሣሪያ አለኝ። እዚህ ግን አንድ ገበሬ የመኪናውን ሆድ ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ ምንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሲመለስ ለድግር ያስቀመጠውን የወይራ ጉማጅና የበሬ ቆዳ ጠፍር ይዞ ነበር። ጠፍሩን በውሃ አራሰው፤ ጉማጁን ከተሰበረው ብረት ጋር አጣመረና ሹፌሩ በአንድ ወገን ጫፉን ይዞለት፣ እርሱ እግሩን ቸርኬው ላይ አስደግፎ እየሳበ፣ የዕርሻ ዕቃውን እንደሚያስር ዙሪያውን ጠመጠመው። «ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል፤ እስከ ወገል ጤና ያደርሳችኋል» አለን። እንዳለውም በማግሥቱ ጋራዥ እስክንገባ ድረስ አልላላም።

ጠፍሩ እስኪደርቅ መሸ። በአጠገባችን ያለው ቤት አባወራ፣ ሽበታም ሰው፣ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ እንጅ» አሉን። እኔም ላለማስቸገር ብዬ፣ «አባቴ፣ ድንኳን ይዣለሁ፤ እዚያ ሜዳው ላይ አድራለሁ» አልኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው ልጄ፣ ምን በደልንህ? ቤት እያለ እንግዳ ሜዳ ላይ አደረ ሲባል ጎረቤት ምን ይለናል?» አሉኝ። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ድንኳኑን ከአጥሩ ውስጥ፣ ከአውድማው ጎን እንድተክል ተስማማን። ልጆቹ ዚፑን እየከፈቱ እየዘጉ ሲስቁ አመሹ፤ ከቤት ገብተን እግራችን ታጠበ፣ የገብስ እንጀራ በሽሮ ቀረበልን፣ ቡናውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እስኪያልቅ ከመሶቡ አጠገብ አልተነሣንም።

ሌሊቱን ውርጭ ወረደ። የእኔ የመኝታ ከረጢት ለበረዶ የተሠራ ስለሆነ ሞቆኝ ተኛሁ። ጎሕ ሲቀድ ዚፑን ስከፍት፣ የቤቱ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጋቢውን ተከናንቦ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ከድንኳኔ ሁለት እርምጃ ላይ የጭድ ክምር ተደግፎ ተቀምጧል። የጋቢው ጠርዝ በውርጭ ነጥቶ ነበር። «ምን ሆነህ እዚህ አደርህ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «አባቴ እንግዳው ብቻውን ነው ስላለኝ» ብሎ መለሰልኝ። ብቻዬን ለመሆን ብዬ የመረጥኋት አንዲት ሌሊት ይህን ልጅ እንቅልፉን አስከፈለችው። ማንንም አላስቸግርም ያልሁበት መንገድ ከሁሉ የበለጠ አስቸጋሪ እንደነበር ገባኝ፤ ቤት ገብቼ መደቡ ላይ ብተኛ ኖሮ ልጁም እሳት ዳር ያድር ነበር።

ስለዚህ አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን የአሜሪካ ጉዞ እንዳለ ወስደን ወሎ ላይ ብንተክለው፣ መኪና ብናከራይ፣ ካርታ ብንሠራ ሲሉ ሐሳባቸውን አልጠላም፣ ግን መሠረቱ ሌላ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። የወሎ ደጋ ባዶ አይደለም። ሜዳው የግጦሽ ነው፣ ጫካው የደብር ነው፣ ከምንጩ የሚቀዳ ሰው አለ፤ አንድ መኪና የቆመበት ሣር የአንድ ሰው በሬ ምሳ ነው። ባለቤት በሌለው መሬት ላይ የሚሠራ ሕግ እዚህ ሲመጣ ባለቤቱን እንደሌለ መቁጠር ይሆናል፤ የዩሬይን ታሪክ ያወቀ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም።

ከባዱ ጥያቄ የገንዘብ ነው። በዚያ ጠዋት ለአባወራው ብር ብሰጣቸው እጃቸውን መለሱ። «ለማደሪያ አልቀበልም፤ ከፈለግህ ለልጁ ጫማ ግዛለት» አሉኝ፤ ገዛሁለት። መቀበልን እንደ ነውር የሚያይ ሰው በየጊዜው በሚመጣ መንገደኛ እንዲደኸይ ማድረግ ደግሞ ግፍ ነው። በዚህ ረገድ በመቄት ገደል አፋፍ ላይ የተሠሩት የማኅበረሰብ ማረፊያዎች መልካም መንገድ አሳይተዋል፤ እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ ዕቃውን አህያ ይጭንለታል፣ ገንዘቡን የሚቀበለው የመንደሩ ማኅበር ስለሆነ ማንም ቤቱን ለእንግዳ ሸጠ አይባልም። ለመኪና ጉዞም በዚሁ መልክ ቢሠራ፣ መንደሩ ራሱ መርጦ የወሰነው የማደሪያ ግቢ ቢኖር፣ ለሌሊት ጠባቂው፣ ለውሃው፣ ለማገዶው የታወቀ ክፍያ ቢቀመጥ፣ ከምንጩ 60 ሜትር የራቀ መጸዳጃ ቢቆፈር ከኮሎራዶ የምንወስደው ጥሩ ነገርና የአባወራው ክብር አብረው ይሄዳሉ።

እርግጥ ነው፣ ከዚያ ጉዞ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ከተሞችና ገጠሮች ላይ አልፏል፤ ከዚያ ወዲህም መንገዱ ለመንገደኛ እንደ ልብ አልሆነም። ሰላም ከሁሉ ይቀድማል። ከልጁ ጋር ግን ስልክ መደዋወል አላቋረጥንም፤ አሁን ሙሉ ሰው ሆኗል። ባለፈው ጊዜ ይህን ሐሳብ ሳማክረው ከአባቱ ጋር ተነጋግሮ መልሶ ደወለልኝ። ከአውድማው ማዶ ለሁለት መኪና የሚበቃ ጠፍ መሬት አለ፣ ምንጩም ከዚያ ሩቅ ነው፤ ክፍያውን ግን ከመንደሩ ሰው ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩበታል።