ለሳልመን ሽታ የተጻፈ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ

ለ፦ የሳልመን ሽታ
ባለህበት (ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ የካፖርት ቁም ሳጥን)
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ ቤት እንድትለቅ ስለማሳወቅ

«እርስዎ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወጉ እሱ ነው። ግን ሳይጠሩት መኝታ ቤት ገብቶ ትራስ ላይ የሚጋደምን ማን አንቱ ይለዋል? አንተ ብዬሃለሁ። ከከፋህ መስኮቱ ክፍት ነው።

መጀመሪያ ነገር እናጥራ። ከዓሣው ጋር ጠብ የለኝም። ሳልመን እወዳለሁ። ልጆቹም ይወዱታል፣ ሐኪሙም ኮሌስትሮላችንን ባየ ቁጥር ስሙን ያነሳዋል፣ እና እውነቱን ለመናገር ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው ከዚህ የፈጠነ እራት የለም። ሽንኩርት ማቁላላት የለ፣ አጥንት መቀቀል የለ። ጨው፣ ሎሚ፣ ትንሽ የጥብስ ቅጠል፣ አለቀ። ችግሩ ምንድን ነው፣ ዓሣው ሰኞ ማታ ተበልቶ ያልቃል፣ አንተ ግን ሐሙስም አለህ።

ሽታ የምንፈራ ሰዎች መስለንህ እንዳይሆን። እኛ ቁሌት ያሳደገን ሕዝብ ነን። ዶሮ ወጥ በሚሠራበት ቀን የመኝታ ቤት በር ይዘጋል፣ ጃኬት መኪና ውስጥ ያድራል፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ልብስ በፌስታል ተቋጥሮ ይሰቀላል። ለምደነዋል። ቁሌት ግን ጨዋ ነው። ሲመጣ ከደረጃው ጀምሮ እየተናገረ ይመጣል፣ ጎረቤትም «ምንድን ነው እንዲህ የሚያውደው?» ብሎ ይጠይቃል። ስላንተ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ኮሪደር ላይ ያገኘችኝ ጎረቤቴ ያለችኝ «ቧንቧ ፈነዳ እንዴ?» ነው።

የዘር ሐረግህንም አጣርቻለሁ። የባሕር ዓሣ ጨዋማውን ውሃ የሚቋቋምበት ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ የሚባል ነገር ሥጋው ውስጥ አለው። እሱ ራሱ አይሸትም። ዓሣው ከሞተ በኋላ ባክቴሪያ ይሠራበትና ትራይሜቲላሚን ያደርገዋል፤ እሱ አንተ ነህ። የሐይቅ ዓሣ ይሄ ነገር እምብዛም የለውም። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ቆመው ቆሮሶ የተጠበሰለት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እዚያ ስላንተ የሚያወራ የለም። አንደኛ ዓሣው ጠዋት ከውሃ የወጣ ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ ሜዳ ላይ ነው። መጋረጃ የለ፣ ሶፋ የለ፣ ምን ላይ ትቀመጣለህ?

ሁለተኛው ወገንህ ዘይቱ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሳልመንን የሚያወድስበት ኦሜጋ 3፣ ሙቀትና አየር ሲያገኘው ቶሎ የሚበላሽ ስብ ነው። መጥበሻው ከልክ በላይ ሲግል ዘይቱ በዓይን በማይታይ ጠብታ እየተረጨ ይነሳና መጋረጃው ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ ማንም እጁ በማይደርስበት የካቢኔ አናት ላይ ያርፋል። እኔ ምድጃውን ፈትጌ፣ ሰሃኑን አጥቤ፣ በቃ ጨረስኩ ብዬ ስቀመጥ አንተ መጋረጃው ላይ ሆነህ ታየኛለህ።

አንድ ነገር ሳነብ ግን ለአፍታ አዝኜልህ ነበር። ሳልመን ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ ከዚያ እንቁላሉን ለመጣል ወደተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ወደ መጨረሻው ላይ መንገዱን የሚያገኘው የወንዙን ሽታ አስታውሶ፣ በአፍንጫው ነው። ጥሩ፣ የሚደንቅ ፍጥረት ነው። ግን እኛ ቤት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የእርባታ ሳልመን ነው፣ ኖርዌይ ወይም ቺሊ፣ ባሕር ላይ በተወጠረ መረብ ውስጥ በመኖ የደለበ። የትኛውን ወንዝ ያውቃል? ታዲያ አንተ የትውልድ ቦታዬ የሰው ካፖርት ነው ብለህ የደመደምከው በምን ማስረጃ ነው?

ሳልሞክር የተውኩ እንዳይመስልህ። ዕጣን አጨስኩ፣ ከዕጣኑ ጋር ተዋደድክ። ቡና ቆላሁ፣ ቡናው ዓሣ ዓሣ አለ፤ ይሄን ግፍ መቼም ይቅር አልልህም። የቫኒላ ሻማ ለኮስኩ፣ ኬክ ቤት ውስጥ ዓሣ የታረደ መሰለ። ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ አበራሁ። እሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ብዙ አፓርታማ ውስጥ ማይክሮዌቩ ሥር የተገጠመው ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ አያወጣም፤ በማጣሪያ አሳልፎ መልሶ የሚያበስለው ሰው ፊት ላይ ይነፋዋል። ድምፁን የሰማ ሰው ግን ቤቱ ሊበር የተነሳ ነው የሚመስለው።

የምትፈራው ሎሚን ብቻ ነው። አሲድ ሲያገኝህ ወደ ጨውነት ትለወጣለህ፣ አትተንም፣ አፍንጫ አትደርስም። እናቶቻችን ዓሣ በሎሚ ሲያሹ ማንም ኬሚስትሪ አላስተማራቸውም። ኮምጣጤም ያው ነው፤ ምድጃውንና ጠረጴዛውን በኮምጣጤ ውሃ በወለወልኩ ቁጥር ጉልበትህ ሲቀንስ ይታወቀኛል።

ብቻህን ጥፋተኛ ነህ አልልም። ግብረ አበሮች አሉህ። አውቃቸዋለሁ፣ ገበታዬ ላይ ነው የሚቀመጡት።

እዚህ ጋ ደም ግፊቴ ይነሳል፣ ታገሰኝ። ቁርጥ የሚበላ ሰው አለ። ሥጋውን በጥርሱ ነክሶ በቢላዋ ከከንፈሩ ሥር እየቆረጠ፣ ሚጥሚጣ እያስነካ፣ ደስ ብሎት። ክትፎ ሲያዝ «ጥሬውን፣ እሳት እንዳታሳዩብኝ» የሚል ሰው። ይሄው ሰውዬ እኔ ቤት ሲመጣ ሳልመኑን በሹካ ገለጥ ያደርግና «ይሄ ነገር አልበሰለም እኮ» ይለኛል። ለምን? መሃሉ ሮዝ ነው። ሮዝ ነዋ! ሳልመን ነዋ! ቀለሙ የሚመጣው አስታዛንቲን ከሚባል ነገር ነው፤ ባሕር ላይ ያለው ሽሪምፕ መሰል ትንንሽ ፍጥረቶችን በልቶ ያገኘዋል፣ እርባታ ላይ ያለው ደግሞ ከመኖው። ደም አይደለም። ቢበስልም ሮዝ ነው፣ ነገም ሮዝ ነው።

ይሄን ሳስረዳ አማቴ ጣልቃ ይገባሉ። «ልጄ፣ ለማንኛውም ትንሽ እሳት ይምታው።»

እሳት ይመታዋል። ሥጋው ሲኮማተር ውስጡ ያለው ፈሳሽ ፕሮቲን ይጨመቅና ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ይረጋል። አልቡሚን ነው፣ ማንንም አይጎዳም፣ ግን መልኩ አያምርም። ያንን ሲያዩ ደግሞ «አላልኩም? ተበላሽቷል!» ይባላል። እንደገና ወደ እሳት። የአሜሪካ መንግሥት ለዓሣ ያስቀመጠው 145 ዲግሪ ፋራናይት ነው፣ 63 ሴልሺየስ ገደማ። ብዙ ሼፎች ከዚያ ዝቅ አድርገው 125 አካባቢ ላይ ያወጡታል። እኔ ልጆችና እርጉዝ ባሉበት ቤት በመንግሥት ቁጥር ነው የምሄደው፣ ጣጣ አልፈልግም። የኛ ሰው የሚፈልገው ዲግሪ ግን ቴርሞሜትሩ ላይ አልተጻፈም። በመጨረሻ ፋየር አላርሙ ይጮሃል፣ ልጆቹ የፒዛ ካርቶን ይዘው ከሥሩ ያራግባሉ፣ አማቴ በእርጋታ «እንግዲህ አሁን በሰለ» ይላሉ። ሳልመኑ ደረቀ፣ አንተ ወፈርክ።

ያን ዓርብ ያደረግከውንም አልረሳሁትም። እንግዶች ነበሩ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ተነሳ፤ እሱ ካንተ በፊት የነበረ ነው፣ ካንተም በኋላ ይኖራል። ገበታው ለሁለት ተከፈለ። «ዓሣማ ምን ችግር አለው» የሚሉት ወደ ሳልመኑ፣ «እኔስ አልነካም» የሚሉት ወደ ሽሮውና ጎመኑ። አንዲት አክስታችን ሳልመኑ ያለበትን ሰሃን በዓይናቸው እንኳ ላለማየት ወንበራቸውን አዙረው ተቀመጡ። ሽሯቸውን በሉ፣ ውሃቸውን ጠጡ፣ መርቀውን ሄዱ። አንተን ግን ዛሬ ዓርብ ነው ብሎ ማን ይንገርህ!

እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከጎናቸው የቆሙት ሴትዮ አሸተቱ። ዞር ብለው አዩ። እንደገና አሸተቱ። ነጠላው ነው። ሳልመኑን በዓይናቸው ያልነኩት ሴትዮ ሳልመን ተጎናጽፈው ቆመዋል፣ ሁለት ቁራጭ የበላው ወንድሜ ደግሞ ጃኬቱን መኪና ውስጥ ትቶ ስለነበር በወንዶቹ በኩል ፏ ብሎ ቆሟል። አክስታችን እስካሁን ስልኬን አያነሱም። ለዚህ በሰማይም በምድርም ትጠየቅበታለህ።

የመሥሪያ ቤቱን ማይክሮዌቭ ጉዳይ አላነሳም። የደረሰባቸው ያውቁታል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሕጉ ተቀይሯል። ገና ስገዛ አንተን ፍለጋ አሸታለሁ፤ ጥሩ ዓሣ ባሕር ባሕር ይላል እንጂ አንተን አንተን አይልም። በረዶ ላይ አሳምረው የዘረጉት ብዙ ጊዜ በረዶ ሆኖ መጥቶ እዚያው የቀለጠ ነው፣ ጎኑ ላይ ባለችው ትንሿ ጽሑፍ ይናገሩታል። ከሆነ ከሆነ በረዶ የሆነውን ዓሣ ገዝቼ፣ የታሸገበትን ፕላስቲክ ከፍቼ ፍሪጅ ውስጥ ራሴ አቀልጠዋለሁ። ጥሬውንም ከሁለት ቀን በላይ ፍሪጅ ውስጥ አላሳድርም፣ የምትደልበው እዚያ ነው።

መጥበሻ ለአንተ ሠርግ ስለሆነ መጥበሻ ቀርቷል። 10 ደቂቃ የጨው ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ያ ነጭ ነገር እንዲቀንስ። ከዚያ ጠረግ ጠረግ፣ ሎሚ፣ የጥብስ ቅጠል፣ በመጋገሪያ ወረቀት ተጠቅልሎ ኦቭን ውስጥ በ275 ፋራናይት ቀስ ብሎ ይበስላል። ግማሽ ሰዓት ከፈጀ ይፍጅ። ቆዳው ኩርሽም አይልም፣ አውቃለሁ፣ ያናድዳል። ኩርሽም የሚል ቆዳ የሚፈልግ እንግዳ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ይዞ በረንዳ ይውጣ። በርበሬና አዋዜ በጎን ነው የሚቀርበው፤ ላዩ ላይ ነስንሰው እሳት ላይ ሲያቆዩት ከዓሣው ቀድሞ ያርርና ማስነጠስ ይጨምርልናል። መስኮት የሚከፈተው ከማብሰሉ በፊት ነው፣ አንተ ሶፋው ላይ ከተመቻቸህ በኋላ አይደለም። የመኝታ ቤት በር፣ የቁም ሳጥን በር፣ ሁሉም ዝግ። የእንግዳ ነጠላና ካፖርት መኪና ውስጥ።

ሐሙስ ድረስ ማን እንደሚያቆይህም ደርሼበታለሁ። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ያለው ቆዳና ማሸጊያው ሥር የምትገኘው ያቺ ፈሳሽ የምትመጥ ጨርቅ መሳይ ነገር ናቸው። ሁሉም ሰው ምድጃውን ሲፈትግ እሷ መጣያው ውስጥ ቁጭ ብላ አንተን ትፈለፍላለች። ከእንግዲህ በዚያው ማታ ከቤት ትወጣለች፤ ውጭ ብርድ ነው ብሎ የሚለግም ካለ ደግሞ በፌስታል ታስራ የቆሻሻ መኪናው እስኪመጣ ፍሪዘር ትገባለች።

የተረፈውን አላሞቅም። ሁለተኛ ሲሞቅ አንተም ሁለተኛ ትወለዳለህ። በማግስቱ ቀዝቃዛውን ፈርፍሬ ቲማቲም ፍትፍት ላይ አደርገዋለሁ፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ብዙ ሎሚ። ይሄን ያልቀመሰ አስተያየት አይስጥ።

ይህ ደብዳቤ በደረሰህ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልወጣህ መጋረጃውን አወርደዋለሁ። ቀልድ አይደለም፣ መሰላሉ መጥቷል።

ከሰላምታ ጋር
ተከራይ

ግልባጭ፦
ለፋየር አላርሙ፦ እንዲያውቀው ያህል ነው፣ መጮህ አያስፈልግም
ለአማቴ፦ ቴርሞሜትሩ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው
ለአክስታችን፦ ነጠላውን ይላኩልኝ፣ እኔ አጥበዋለሁ
ለወንድሜ፦ አንተ ዝም በል