የካራማራው ወታደር ናቅፋም ነበር

የካቲት 26 በመጣ ቁጥር በአዲስ አበባ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ባለው የትግላችን ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ በጅጅጋ አቅራቢያ በሶማሊያ ወራሪ ጦር ላይ የተገኘው የካራማራ ድልም በየመገናኛ ብዙኃኑ ይዘከራል። መዘከሩ ተገቢ ነው። እኔን የሚቆጨኝ በዚያ ቀን የምናመሰግነው ወታደር ከ1970 በኋላ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

የአጎቴን ነገር ላንሳ። በሰሜን ሸዋ አራሽ ነበሩ። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ገበሬ ማኅበራቸው ከላካቸው ጎልማሶች ጋር ታጠቅ ጦር ሰፈር ገቡ፤ ሞፈርና ዕርፍ የለመደ እጃቸውም በጥቂት ወራት ውስጥ ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ተማረ። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ ወር ድንበር ጥሶ ገባ፤ በመስከረም 1970 ደግሞ ጅጅጋን ያዘ። አጎቴ በዚያው ግንባር ቆይተው የካቲት 26 ቀን 1970 ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ ከተማዋን ካስመለሰው ሠራዊት አንዱ ለመሆን በቁ። ይህን ሲያወሩ ዛሬም ፊታቸው ይፈካል።

ወደ ቤታቸው ግን አልተመለሱም። የምሥራቁ ጦርነት ባበቃ በወራት ውስጥ ከዚያ ሠራዊት ብዙው ወደ ኤርትራ ተላከ። ከረን በኅዳር 1971 ስትያዝ ነገሩ ያለቀለት መስሎ ነበር፤ ለኤርትራ ነፃነት ይዋጋ የነበረው ሻዕቢያ ግን ወደ ናቅፋ ተራሮች አፈግፍጎ መሸገ፤ በ1974 በታላቅ ዝግጅት የተከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻም ናቅፋን ሳይዝ ቀረ። ከዚያ በኋላ የነበረው ዓመት ቆጥሮ የማያልቅ የምሽግ ኑሮ ነው። አጎቴ ስለ ውጊያው ብዙም አይናገሩም። የሚናገሩት ስለ ውኃ ነው፦ አንዲት ኮዳ ለሁለት ተካፍለው፣ በክዳኗ እየለኩ፣ ኮቸሮውን በምራቅ አርሰው እንደሚውጡ ያስረዳሉ። ያቺን ኮዳ እስከ ዛሬ አልጣሏትም፤ ጎኗ ተጨርምቷል፣ የጨርቅ ልብሷም ተበልቷል፣ አሁን ጠበል ይቀዱባታል።

በመጋቢት 1980 እዚያው ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ፣ የናቅፋን ግንባር የያዘው የመንግሥት ጦር፣ የናደው ዕዝ፣ በሻዕቢያ ተደመሰሰ። ከዚያ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ተረሽነው ነበር። በጄኔራሉ ላይ ይህ ከተፈጸመ፣ ከሥራቸው የነበረው ተራ ወታደር ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው አንባቢ ይፍረድ። ግንቦት 1983 አሥመራ ስትወድቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት በረሃውን በእግሩ አቋርጦ ወደ ሱዳን ተሰደደ። አጎቴም በከሰላ በኩል አልፈው፣ ወራት ቆይተው፣ እግራቸው አብጦ አገራቸው ገቡ። ያኔ የጠበቃቸው ስም «የደርግ ወታደር» የሚል ነበር። የካራማራው ጀግናና የደርጉ ወታደር አንድ ሰው መሆናቸውን ያስታወሰ አልነበረም።

የሰሜኑ ጦርነት ከምሥራቁ ጋር እኩል አይታይም የሚል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም እውነት አለው። ምሥራቅ ላይ የተመከተው ወራሪ ነበር፤ ሰሜን ላይ ግን መንግሥት የተዋጋው ዜጎቼ ከሚላቸው ጋር ነበር። በሰኔ 1980 ትግራይ ውስጥ በሐውዜን ገበያ ላይ የወረደው ቦምብ የስንቱን ቤት እንደ ዘጋ የሚዘነጋ የለም፤ ሊዘነጋም አይገባም። ነገር ግን ያ ውሳኔ የተሰጠው በቤተ መንግሥት እንጂ በናቅፋ ምሽግ አልነበረም። ከእርሻው ተነሥቶ የሄደ ገበሬ የሚዘምትበትን ጦርነት አልመረጠም፤ ወደ ጅጅጋ የወሰደው ትእዛዝና ወደ ናቅፋ የወሰደው ትእዛዝ ከአንድ ቦታ የወጡ ናቸው። ስለዚህ የሰውየውን ዕድሜ ለሁለት ከፍለን የሚያኮራንን ብቻ መውሰዳችን ፍትሕ ነው ብዬ አላምንም።

የምጠይቀው ሰልፍና ሜዳሊያ አይደለም። ከዚያ ሠራዊት የተረፈ የስም መዝገብ ካለ ይከፈት፤ ቤተሰብ ልጁ የት እንደ ወደቀ ይነገረው። አጎቴ ከአሥር ዓመት በላይ ማገልገላቸውን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት የላቸውም፤ አንድ መሥሪያ ቤት ማስረጃ አምጡ ሲላቸው «ማስረጃዬ አሥመራ ቀርቷል» ብለው ተመለሱ። እሳቸውስ በሕይወት አሉ። ከመንደራቸው አብረዋቸው የዘመቱት ጓደኛቸው ናቅፋ ላይ ሲቀሩ ለእናታቸው መርዶ የነገረ የመንግሥት አካል አልነበረም፤ እኒያ እናት ተዝካር ለማውጣት እንኳ ሞቱን የሚያረጋግጥላቸው አጥተው ዓመታት ጠበቁ።

በዘንድሮው የካቲት 26 የልጅ ልጃቸው ቴሌቪዥኑን እያየ «አባባ፣ እዚያ ነበሩ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ነበርሁ» አሉት። ቀጥሎ «ከዚያስ የት ሄዱ?» ሲላቸው ኮዳዋን አንሥተው፣ ጠበሉ እንዳለቀ ተናግረው ወጡ።