«ኦፕራሲዮኑ ተሳክቷል» ከተባለ በኋላ ያሉት 21 ቀናት

አንጎል ውስጥ ያበጠ ደም ስር፣ ሐኪሞች አኒዩሪዝም የሚሉት፣ ፈንድቶበት አዲስ አበባ የታከመ ሰው ቤተሰብ «ኦፕራሲዮኑ ተሳክቷል» ሲባል ወደ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚመለስበትን መኪና ማፈላለግ ይጀምራል። በሰው አገር ማስታመም ኪስ ስለሚያራቁት አይፈረድበትም። ነገር ግን ያበጠውን ደም ስር ከውጭ ቆንጥጦ የሚዘጋው ክሊፕ ወይም ውስጡን የሚሞላው ቀጭን ሽቦ (ኮይል) የሚከላከለው ዳግም መድማትን ነው፤ አስቀድሞ የፈሰሰው ደም ገና ጣጣ አለው።

ይህ ደም ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ቀን አንስቶ እስከ 14ኛው ቀን ገደማ የአንጎልን ደም ስሮች ያኮማትራል። ትናንት ሲጫወት ያመሸ ሰው ዛሬ ይፈዛል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ አንድ እጁ ይዝላል። ቀኑ የሚቆጠረው ራስ ምታቱ ድንገት ከጀመረበት ሰዓት ነው። በሪፈር አራት ቀን ያለፈበት በሽተኛ ከቀዶ ሕክምና የሚወጣው አደገኛው ጊዜ ከገባ በኋላ ነው። በዚህ መሀል ይዞት 400 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ኒሞዲፒን የተባለው መድኃኒት የሚታዘዘው ለዚህ ነው፦ 60 ሚሊ ግራም በየ4 ሰዓቱ፣ ለ21 ቀናት። ባለ 30 ሚሊ ግራሙ ክኒን በቀን 12፣ በጠቅላላው 252 ፍሬ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የሌሊቱ ነው፤ «ተኝቷል፣ አንቀስቅሰው» ይባላል። መቀስቀስ አለበት። የደም ግፊቱ ከወረደ ሐኪሙ 30 ሚሊ ግራም በየ2 ሰዓቱ ሊያደርገው ይችላል፤ አስታማሚ በራሱ ማቋረጥ የለበትም።

ሌላው ችግር በደም ውስጥ ያለው ጨው፣ የሶዲየም፣ መውረድ ነው። በሌላ በሽታ ሶዲየም ሲወርድ ውሃ መቀነስ የተለመደ ቢሆንም እዚህ ግን ደም ስሩ በተኮማተረበት ሰዓት ፈሳሽ ማሳጣት አንጎሉን ደም ያስጠማዋል። አጥሚቱም ቢሆን (ጠያቂ ሁሉ ይዞ ይመጣልና) መዋጥ መቻሉ ሳይፈተሽ ከተሰጠ ሳንባ ገብቶ ኒሞኒያ ያመጣል።

ይሁንና ማገገሙን ከሁሉም በላይ የሚወስነው በሽተኛው ሐኪም ቤት ሲደርስ የነበረው ንቃት ነው፤ ዕድሜውና የፈሰሰው ደም መጠንም አብረው ይታያሉ። የፈነዳው ደም ስር እስኪዘጋ ድረስ ዳግም የመድማቱ አደጋ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ስለሚከፋ፣ በሽተኛውን መጀመሪያ የምናይ ባለሙያዎች ድርሻ እዚሁ ይጀምራል። በቅጽበት ጣራ የነካ ራስ ምታት፣ ማስታወክና የአንገት መገተር ያለበትን ሰው ታይፎይድ ወይም ማይግሬን ብሎ መሸኘት ጥፋት ነው። ማጅራት ገትር ቢጠረጠር እንኳ ሲቲ ስካኑ አይቅር፤ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ከተነሳ ደሙን የሚስተው ከስንት አንዴ ነው።

ቤት ከገባም በኋላ ከሳምንታት ወይም ከወራት ቆይቶ እግሩን መጎተት፣ ሽንት ማምለጥና መርሳት ከመጡ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። «በሽታው የተወው ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ ውሃውን በሚያፈስ ቀጭን ቱቦ (ሻንት) ሊስተካከል ይችላል። ከሆስፒታል ስትወጡ የሲቲ ፊልሞቹን ተቀበሉ፣ የክሊፑንም ዓይነት በመውጫ ወረቀቱ ላይ አስጽፉ፤ ኋላ ኤምአርአይ ሲታዘዝ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።