ጥንዚዛውን የምንጭነው እኛው ነን

የጅማ ሰዎች፣ የጎማ፣ የማናና የሊሙ ቡና ገበሬዎች፣ ይህ ቁጣ ለእናንተም ለእኛም ነው። ቡናችን ያለው በሰሳ፣ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ነው። ይህን እያወቅን ከየት እንደተቆረጠ ያልጠየቅነውን ግንድ ከነቅርፊቱ አይሱዙ ላይ ቆልለን በደኑ መሃል እናልፋለን። ጠያቂ የለም፤ የሚያፍርም የለም።

እንጨት ሰርሳሪ ጥንዚዛ እንዲህ ባለ ግንድ ውስጥ ተደብቆ ይጓዛል። በራሱ ክንፍ ባሕር አይሻገርም፤ የሚያሻግረው ሰው ነው። አሽ የተባለውን ዛፍ የሚገድለው አረንጓዴ ጥንዚዛ ከእስያ መጥቶ ዲትሮይት አጠገብ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲታወቅ፣ ከገባ ዓመታት አልፈውት ነበር። ከዚያም ሰዎች በማገዶና በችግኝ ይዘውት ዞሩ፤ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዛፍ አለቀ። ያ አሜሪካ ነው አትበሉ። የቡና ቅርንጫፍ የምትሰረስረው ጥቁሯ ጥንዚዛ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኡጋንዳ አለች። በ2017 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተገኘችው ሌላዋ ደግሞ ከምታጠቃቸው መካከል አቮካዶና ጉሎ አሉ፤ ሁለቱም በየጓሯችን የበቀሉ ናቸው።

እነዚህ ሁለቱ ጥንዚዛዎች 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ናቸው፤ እንጨትም አይበሉም። ሴቷ ትሰረስርና ይዛው የመጣችውን ሻጋታ በዋሻዋ ግድግዳ ላይ ትዘራለች፤ እጮቿ የሚመገቡት እሱን ነው። ሴቶቹ ከወንድሞቻቸው ጋር እዚያው ተዳቅለው ስለሚወጡ አንዲት ብቻ ብታመልጥ ትበቃለች። «አንድ ጉማጅ ምን ያመጣል» የምትሉ፣ ይህን ስሙ።

ጥቁሯ ጥንዚዛ ቡና ላይ ስትገባ ዛፉ ለምለም ሆኖ እርሳስ የምታህል አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ትጠወልጋለች። ገልብጣችሁ ከታች በኩል እዩ። በመርፌ የተወጋች የምትመስል ቀዳዳ ካለች በቢላ ሰንጥቋት፤ ውስጧ የጠቆረ ዋሻ፣ ነጫጭ እንቁላልና እጭ ታገኛላችሁ። (ዛፉ ሁሉ አንድ ላይ ከጠወለገና ቀዳዳ ከሌለ ሌላ ጣጣ ነው፤ የቡና አጠውልግ በሽታ ሊሆን ይችላል።) ከቀዳዳው አራት ጣት ያህል ወደ ግንዱ ገብታችሁ ጤነኛው ላይ ቁረጡ፤ የተቆረጠውን እዚያው፣ በዚያኑ ቀን አቃጥሉት። ትልቁ ጥፋታችን ለማገዶ ብለን ጓሮ ማከማቸታችን ነው። ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ወር ገደማ ስለሚፈጅባት ክምሩ ሳያልቅ ልጆቿ ወጥተው ቡናው ላይ ናቸው። መድኃኒት መርጨትም ዋሻ ውስጥ አይደርስላችሁም።

እንጨት ሠሪዎች፣ የውጭ ዕቃ የመጣበትን ፓሌት ማኅተሙን ሳታዩ አትግዙ። የስንዴ ዛላ ሥዕል፣ የአገር መለያና «ኤች ቲ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉት እንጨቱ እስከ እምብርቱ በ56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ30 ደቂቃ በሙቀት ታክሟል ማለት ነው። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ማስመታት ይህን አይተካም። መላጥም ቅርፊት ሥር ያለውን ያስወግዳል እንጂ እንጨቱ ውስጥ የገባውን አይነካም።

ያገኛችሁትን ጥንዚዛ በላስቲክ ቋጥራችሁ ከወረዳ ወረዳ አትዙሩ። ብልቃጥ ውስጥ 70 በመቶ አልኮል ጨምራችሁ ክተቷት። የዛፉን ዓይነት፣ ቀበሌውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፋችሁ አያይዙ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ያጥበዋል። ከዚያ ለቀበሌው ግብርና ባለሙያ ወይም መልኮ ላለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አድርሱ።