ደውሎ የመጣ ገምጋሚ ሜዳውን አላየም

ሰሞኑን አንድ የጎልፍ ሜዳ ገምጋሚ ለምን ማንነቱን ደብቆ እንደማይሄድ ሲያስረዳ አነበብኩ። ከመሄዱ በፊት ለሥራ አስኪያጁ ይደውላል። ማን እንደሆነና የት እንደሚጽፍ ይናገራል። ክፍያም አይጠየቅም። ይሄ ሁሉ ፍርዱን እንደማይነካው ደግሞ እርግጠኛ ነው። ሜዳ እንደ ምግብ ለአንድ ሰው ተብሎ አይሠራም ባይ ነው። ስሙን ስለተናገረ ኮረብታው ቦታ አይቀይርም፣ ዛፉም አያጥርም።

አንብቤ ደሜ ፈላ።

ኮረብታው አይንቀሳቀስም፣ ልክ ነው። ግን ተጫዋች የሚከፍለው ለኮረብታው ብቻ ነው እንዴ? ሣር ሕይወት ያለው ነገር ነው። በየቀኑ ያድጋል፣ በየቀኑ ይታጨዳል። ግሪኑን፣ ማለትም በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን አጭር ሣር፣ ማለዳ ሁለቴ አጭደው ሮለር ካሳለፉበት ኳሱ ከትናንቱ ይልቅ ፈጥኖ ይንከባለላል። ይህን ፍጥነት የሚለካ ስቲምፕሜትር የሚባል መሣሪያ እንኳ አለ። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠራው ነው። ግሪን እንደ አያያዙ ባይለያይ ኖሮ መለኪያ ለምን አስፈለገ? ጉድጓዱ ራሱ እንኳ ቦታው ይቀየራል። ዛሬ ለጥ ያለው መሃል ላይ፣ ነገ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ። የት እንደሚቆፈር የሚወስነው ማነው? ደውለህ የነገርከው ሰውዬ፣ ወይም እሱ የሚያዘው ሠራተኛ።

ግሪን የሚበሳበትን ሳምንት ውሰዱ። አብዛኞቹ ሜዳዎች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ግሪናቸውን በማሽን ይበሱታል፣ ሥሩ አየር እንዲያገኝ። ከዚያ አሸዋ ይነሰነስበታል። ለሣሩ ጥሩ ነው። ተጫዋቹ ግን ለሁለት ሳምንት ገደማ ኳሱን የሚያንከባልለው ወንፊት ላይ ነው። ገምጋሚው ሲደውል ምን ይባላል? በሚቀጥለው ወር ብትመጣ ይሻላል ይባላል። ሙሉ ዋጋ የከፈለው ሰውስ? ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የመጀመሪያው ግሪን ላይ ሲደርስ ነው። እኔን ራሴን ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል። ቅናሽ አልነበረም፣ ይቅርታም አልነበረም። ሁለቱም ሜዳዎች ገምጋሚዎች በግሪናቸው ያሞገሷቸው ናቸው።

ይህንንም ልተወው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የሰዓቱ ጉዳይ ነው።

ተጠብቆ የመጣ ገምጋሚ መቼ ይጫወታል? ማለዳ፣ አብረው ከሚጫወቱት ጋር በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ሆኖ። ከፊቱ ማንም የለም። ግሪኑን ገና የሰው ጫማ አልረገጠውም። ባንከር የሚባለው የአሸዋ ወጥመድ ተስተካክሎ ይጠብቀዋል። አጠገቡ ዱላውን የሚሸከምለት፣ ሜዳውን እንደ መዳፉ የሚያውቅ ካዲ አለ፣ አንዳንዴም ሥራ አስኪያጁ ራሱ። 18ቱን ጉድጓዶች ከተነሳ አራት ሰዓት ሳይሞላው ጨርሶ ይወጣል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ሜዳው እንዴት መንፈስ እንደሚያድስ፣ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው እንዴት ሳያደናቅፍ እንደሚወስድ ይጽፋል።

አንባቢው ይህን አምኖ ቅዳሜ ከሰዓት ይሄዳል። የሚያገኘው ሌላ ሜዳ ነው። እያንዳንዱ መነሻ ላይ ሁለት ምድብ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ምቱ ይበላሻል። ከተነሳ አምስት ሰዓት አልፎት ገና 15ኛው ጉድጓድ ላይ ነው፣ ብርሃኑም እየሸሸ ነው። ይሄ የዕድል ነገር አይደለም፣ የአስተዳደር ውሳኔ ነው። አንድ ሜዳ በየ10 ደቂቃው አንድ ምድብ ቢያስወጣ በስድስት ሰዓት ውስጥ 36 ምድብ ያስተናግዳል። በየ8 ደቂቃው ካስወጣ ግን 45 ይሆናሉ። በምድብ አራት ሰው ሲታሰብ 36 ተጨማሪ ሰው፣ 36 ተጨማሪ ክፍያ ማለት ነው። ገንዘቡ ለሜዳው፣ መጉላላቱ ለተጫዋቹ። ግምገማ የሚባል ነገር ካለ መጀመሪያ ሊያጋልጠው የሚገባው ይህንን ነው። ማለዳ ቀድሞ የወጣ ሰው ግን ሊያየው አይችልም። ዓይኑ ስለደከመ አይደለም። ሰልፉ ያለው ከጀርባው ነው።

ገምጋሚው አልዋሽም ይላል። እሺ፣ አይዋሽም። ይሉኝታ ግን ውሸት አያስፈልገውም። ግማሽ ቀን አብሮህ የተራመደ፣ ኳስህን ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ የፈለገልህ፣ ምሳ የጋበዘህ ሰው ሜዳ ላይ ብዕርህ እንዴት ይጨክናል? ከመነሻው እስከ ግሪኑ ያለው የተጎሳቆለ ሣር፣ ፌርዌዩ፣ ተፈጥሯዊ ይሆናል። ቸል የተባለው ባንከር የራሱ ባሕርይ ያለው ይባላል። ጸሐፊው ራሱም ልብ አይለውም።

የምግብ ገምጋሚዎች ይሄ ከገባቸው ቆይቷል። ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው የሚሽላን ገምጋሚዎች ሳይታወቁ ገብተው ሂሳባቸውን ራሳቸው ከፍለው ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የምግብ ገምጋሚ ሩት ራይሽል ለ ሲርክ የተባለውን ዝነኛ ምግብ ቤት ማንም ሳያውቃት ሄደችበት፣ ኋላም ታውቃ ሄደችበት፣ ሁለቱንም መስተንግዶ ጎን ለጎን ጻፈች። ጋዜጣው ሰጥቶት የነበረው አራት ኮከብ ሦስት ሆነ። ወጥ ቤቱ ያው ነበር።

ወጪው አይቻልም የሚሉም አሉ። ካሊፎርኒያ ያለው ፔብል ቢች ሜዳ አንድ ዙር ከ600 ዶላር በላይ ነው፣ አውቃለሁ። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ግን ያን ያህል ገንዘብ ይገባዋል ወይ የሚለውን አይደል? ከኪሱ ሳንቲም ያልወጣ ሰው ይህን በምን አውቆ ይመልሳል? አቅም ካነሰ በዓመት ሃያ ሜዳ መገምገሙ ይቅር። አራት ይበቃል።

እንደ አሜሪካዎቹ ኦገስታ ናሽናልና ፓይን ቫሊ ያሉ የአባላት ክለቦች ያለ ጋባዥ አያስገቡም። ይህን እቀበላለሁ። እዚያ ማን እንደጋበዘውና ማን እንደከፈለለት ከጽሑፉ አናት ላይ ይስፈር። የእነሱን የተዘጋ በር ምክንያት አድርጎ ለማንም ክፍት የሆነ ሜዳ ላይ ደውሎ መሄድ ግን ዓይን ያወጣ ማምለጫ ነው። ስኮትላንድ ያለው የሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስ ሜዳ ዕጣ ያወጣል። ስምህን ታስገባለህ፣ እንደማንም ትጠብቃለህ። ዩኤስ ኦፕን የተባለው የጎልፍ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2009 የተካሄደበት ቤዝፔጅ ብላክ የኒው ዮርክ ግዛት የሕዝብ ፓርክ ውስጥ ነው ያለው። ተራ ለማግኘት መኪናቸው ውስጥ የሚያድሩ ተጫዋቾች አሉ። ገምጋሚውም ይደር። ያ ሌሊት አንባቢው የሚያድረው ሌሊት ነው፣ ግምገማው ውስጥ መግባት አለበት።

ተራውን በጓደኛው ስም ይያዝ። ባንኮኒው ላይ ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከማያውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ይውጣ። የመጨረሻውን ኳስ ጉድጓድ ከከተተ በኋላ፣ ከፈለገ፣ ያኔ ለሥራ አስኪያጁ ይደውል።