ስም የሌላቸው የአዲስ አበባ ፎቶግራፎች

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ መፍረስ ስትጀምር ፌስቡክና ቴሌግራም በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ተጥለቀለቁ። የጊዮርጊስ አደባባይ፣ የራስ መኮንን ድልድይ፣ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ጎልማሶች፣ ዛሬ በሙዚየም እንኳ የማይገኙ መኪኖች። ከሥራቸው «ደጉ ዘመን»፣ «አይ ፒያሳ!» የሚል አስተያየት ይደረደራል። ወራት ቆይቶ ተራው ለካሳንችስ ሲደርስም ያው ተደገመ።

ኀዘኑን አልነቅፍም። ሰው ያደገበት ሰፈር ሲፈርስ ማልቀስ መብቱ ነው። የሚያናድደኝ የአብዛኞቹ ፎቶግራፎች ባዶነት ነው፤ መቼ ተነሡ፣ ከየትኛው በኩል፣ ማን አነሣቸው የሚል አንድ መስመር እንኳ የላቸውም። ዓመት ከተጻፈባቸውም የማን አቆጣጠር እንደሆነ አይታወቅም። «1936» የተባለ አንድ የአራዳ ፎቶግራፍ ይዘን እናስብ። ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው፤ በእኛ ከሆነ ደግሞ ጣልያን ከተባረረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በአንዱ ንባብ መንገድ ላይ የሚታየው ወታደር ወራሪ ነው፣ በሌላው የራሳችን ሰው። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ የሚጠይቀው የሰከንዶች ድካም ነበር፤ እሱ በመቅረቱ ሥዕሉ የምስክርነት ዋጋውን አጣ።

ፎቶግራፍን ማንበብ ግን የሚቻል ሥራ ነው። የጊዮርጊስን አደባባይ ውሰዱ። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው። ጣልያን በሚያዝያ 1928 ከተማዋን ከያዘ በኋላ ሐውልቱን አስወረደው፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ስለዚህ አደባባዩ ሐውልት ከሌለው ፎቶግራፉ ወይ ከ1923 በፊት ነው፣ ወይ በወረራው ዘመን። ቀጥሎ መኪናውን፣ የመብራት ምሰሶውን፣ የሱቁን ጽሑፍ ማየት ነው፤ ማስታወቂያው በጣልያንኛ ከሆነ የወረራው ዘመን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ለገሃርም እንዲሁ ነው። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር ጣቢያ በሥዕሉ ላይ መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ብዙ ይናገራል።

ከሕንፃ ይልቅ ሰዓት የሚቆጥረው ግን ባሕር ዛፍ ነው። በከተማዋ የመጀመሪያ ዓመታት በተነሡት ሥዕሎች የእንጦጦ ጋራ ራቁቱን ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ዙሪያው ድንኳንና የሣር ክዳን ጎጆ፣ የቀረው ሜዳ። ማገዶ አልቆ ስለነበር ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሥራ ሁሉ ተጀምሮ ነበር። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገብቶ ከተስፋፋ በኋላ አዲስ አበባ ባለችበት ቀረች። በ1926 ዓ.ም. ስዊዛዊው አብራሪ ዋልተር ሚተልሆልዘር ለንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላን ይዞ ሲመጣ ከሰማይ ባነሣቸው ፎቶግራፎች ላይ ከተማዋ ዛፍ ውስጥ ተደብቃለች፤ ጣራዎቹ በቅጠሉ መሐል ብቅ ብቅ ይላሉ። እነዚህን ሁለት ዘመናት ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ስለ አዲስ አበባ አመሠራረት ከብዙ ንግግር የበለጠ ይገባዋል።

እነዚህ ሥዕሎች የት ናቸው? የሚተልሆልዘር ዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ቀንና ቦታ ተጽፎባቸው ማንም በነጻ እንዲያያቸው በኢንተርኔት ተለቀዋል። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥቶ የምኒልክ መሐንዲስና አማካሪ የሆነው የአልፍሬድ ኢልግ ስብስብም እዚያው ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ነው። ስዊዞች አልሰረቁንም። ሰዎቻቸው ያነሡትን ጠበቁ፣ መዘገቡ፣ አሳዩ። እኛ ጋ ሀብት ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶግራፍ ስብስብ አለው። በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ደግሞ ጣልያኖች በወረራው ጊዜ ከአየር ያነሧቸው 34 ሺህ ገደማ ፎቶግራፎች በየሣጥኑ ተከማችተው ተገኝተዋል። ለጦርነትና ለቅኝ ግዛት ካርታ የተነሡት ሥዕሎች ዛሬ ደንና መሬት እንዴት እንደተለወጡ ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ዋና መረጃ ሆነዋል። አንሺው ያሰበው ሌላ፣ ሥዕሉ የዋለው ሌላ።

ሆኖም ድሮ ካሜራ የያዘው ሰው የት ይቆም እንደነበር መርሳት የለብንም። አደባባይ ላይ ነበር የሚቆመው፤ ወይም በቤተ መንግሥት ደጃፍ። የአርመኑ የቤድሮስ ቦያጂያን ቤተሰብ ለነገሥታቱና ለመኳንንቱ ያነሣቸው ሥዕሎች እጅግ ውብ ናቸው፤ ከፒያሳ የሱቅ ሰልፍ ጀርባ የነበረው ጓሮ ግን እዚያ የለም። አምስትና ስድስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ የሚኖርበት፣ አንድ መጸዳጃ የሚጋራበት፣ ከቦኖ ውኃ የሚቀዳበት፣ ክረምት ሲገባ ጣራው የሚያፈስበት ከተማ ከሥዕሉ ውጭ ቀርቷል። «ደጉ ዘመን» የሚባለው ተረት የሚበቅለውም እዚሁ ክፍተት ላይ ይመስለኛል። አሁን ደግሞ በኮምፒውተር ቀለም የሚቀቡና ጭራሽ ያልነበረ ፒያሳ የሚፈጥሩ ሰዎች ተጨምረውበታል።

ያ ያልተነሣው ከተማ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በየቤቱ አልበም ውስጥ፣ ከሰው ጀርባ ተሸሽጎ አለ። የደጃች ውቤ ሰፈር ወይም የሰራተኛ ሰፈር የሠርግ ፎቶግራፍ ሲገኝ ሙሽራዋን ትታችሁ ወደ ጀርባዋ ተመልከቱ፤ ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ የእንጨት ደረጃ ታገኛላችሁ። ይህንን እኔ እስከማውቀው ማንም ተቋም አልሰበሰበውም። አልበሞቹም ዕድሜያቸው አጭር ነው። ከስልሳዎቹ ወዲህ የተነሡት ባለቀለም ሥዕሎች ከጥቁርና ነጩ ቀድመው ይደበዝዛሉ፤ ሙጫ ያለው ገጽ ላይ የተለጠፉት ከወረቀቱ ጋር አብረው ይቀደዳሉ። ከሁሉ የሚብሰው ግን የሰዎቹ መበተን ነው። «ይህች ወይዘሮ እገሌ ናት፣ ይህ የእድሩ ድንኳን የሚቀመጥበት ቤት ነው» ብለው የሚነግሩን እናቶችና አባቶች ዛሬ አንዱ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም፣ ሌላው ልጁ ጋ ነው። ጎረቤት አብሮ ሲኖር አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውስ ነበር።

አንድ ማምለጫ ደግሞ ከወዲሁ መዘጋት አለበት፤ «ፎቶ ተነሥቷል፣ ስለዚህ ይፍረስ» የሚለው። ፎቶግራፍ ቅርስን አይተካም። የሰገነቱ እንጨት እንዴት እንደተጋጠመ፣ ግድግዳው ውስጡ ምን እንደሆነ አይናገርም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዛሬም አለ፤ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላል። ሕጉን የሚያስከብረው አካል ፎቶግራፍን እንደ ስንብት ደብዳቤ ሊቆጥረው አይገባም።

ቅርስ ተብሎ ያልተመዘገበው ተራ ቤትስ? ብዙው የፈረሰው እሱ ነው፣ ገና የሚፈርሰውም እሱ ነው። አንድ ቤት ከመፍረሱ በፊት ይለካል፣ ይገመታል፣ የቤት ቁጥሩና ወረዳው በቅጽ ይሞላል። እዚያው ቅጽ ላይ አንድ መስፈርት ይጨመር፤ ለኪው በያዘው ስልክ ከአራቱም ማዕዘን፣ አንዴም ከውስጥ፣ አንዴም ከመንገዱ ማዶ ያንሣ። ሥዕሉ ከቤት ቁጥሩና ከቀኑ ጋር ይቀመጥ፤ የነዋሪው ስምና የግል ጉዳይ ተጠብቆ የውጭው ገጽታ ለሕዝብ ይከፈት። የከተማው አስተዳደር ለኮሪደር ልማቱ በየቀኑ የድሮን ቪዲዮ የሚያቀርብ ባለሙያ አለው፤ አቅም የለም ብሎ ሊመልስልን አይችልም። ያንኑ ድሮን ማፍረሻው ከመምጣቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ያስነሣው።